ያልላላ መስታወት

ቶዱፑዛ ገበያ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ማዶ፣
ዝናብ የሱቁን ቆርቆሮ ሲደበድበው ማልዶ፣
አዲሷ ሞተሬ ፕላስቲኳን እንደለበሰች ቆማ፣
እኔ ከነጫማዬ ርሼ፣ ወንበር ላይ ሆኜ ስሰማ፤

ጂቢን ይባላል ልጁ፤ ከረባቱ እንደ አንገቱ ቀጭን፣
አንድ ወረቀት አቀረበ፣ በጣቱ ጫን እያረገ፣ ጫን፦
«የፋብሪካው ዋስትና በሦስት ዓመት ያልቃል፣
ከዚያ ወዲያ፣ ጌታዬ፣ የሚሰበረውን ማን ያውቃል?
ሁለት ዓመት ይጨምሩ፤ አራት ሺህ ሩፒ ነው፣ በቃ፤
ሌሊቱን ይተኙበታል፤ ሰው በሐሳብ አይነቃ።»

ሳቄን በመሐረብ ዋጥኩት። ለማን እንደሚያወራ
ቢያውቅ ኖሮ፣ ይህን ቃል በድፍረት ባልጠራ።
እኔ ዴቫሲያ፣ ከጎማ ዛፎቹ እስከ ሄሉ እርሻ ድረስ
ደረቴ ላይ ሎተሪ ደርድሬ፣ በሞተር ስመላለስ፣
ሃያ ስድስት ዓመት «ምን ይታወቃል?» እያልኩ የሸጥኩ፣
በሌላ ሰው «ምናልባት» ሁለት ሴት ልጆች የዳርኩ።
አሁን እሱ በተራው «ምን ይታወቃል?» አለኝ፤
የራሴን ዕቃ አዙሮ ለራሴ ሊሸጥልኝ።

ብቻ የእሱ ሎተሪ ግልብጥ ነው፤
ብትሰበር ነው የማሸንፈው።
እንግዲህ ለቅዱስ ጊቫርጊስ ሻማዬን ሳበራ
«ሞተሬን ጠብቅልኝ» ልበል? ወይስ «አደራ፣
ገንዘቤ በከንቱ እንዳይቀር፣ ትንሽ አሳምልኝ፣ አደራ»?

ወረቀቱን ገለበጥኩ። ከጀርባው ደቃቅ ጽሕፈት፣
ጉንዳን በስኳር ላይ የሄደበት ዓይነት፤
አሥራ አንደኛው መስመር፦ «ከእኛ ጋራዥ በስተቀር
ሌላ እጅ ሞተሩን ቢከፍት፣ ውሉ እንዳልነበር ይቆጠር።»

ሌላ እጅ።
እኔ የማውቀው ሌላ እጅ አንድ ነው። የቫርኪ።

ከጃክፍሩት ዛፍ ሥር፣ ጣሪያው ሸራ፣ ግድግዳው ጎማ፣
የሞተሬን ሳል ከኩርባው ወዲያ የሚሰማ፣
«ዴቫሲያ መጣ፤ ካርቡራተሩን ጉንፋን ይዞታል» የሚል፣
ሂሳቡን ስከፍለው ግማሹን በትኬት የሚቀበል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በየሳምንቱ፣ በሰባት የሚያልቅ ቁጥር፤
አንዴም አልወጣለትም፤ አንዴም አልወጋኝ በነገር።

«ነገ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ማታ ኤሊያማ
ዓሣ እየፋቀች ነበር የእኔን ወግ የምትሰማ።
«ለጉልበትህ ዋስ ሳይኖርህ» አለች «ለብረት ዋስ ትጠራለህ?
ከሁለታችሁ ማን ቀድሞ እንደሚቆም በምን አውቀህ?»
ቅርፊቱ ክንዷ ላይ ተለጥፎ እንደ ሳንቲም ያበራል።
ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሰው ለዚህ መልስ ከየት ያመጣል?

ጠዋት ቫርኪ ዘንድ ሄድኩ፤ በእግሬ። ሻይ አስቀዳልኝ።
ወረቀቱን ከክንዱ አርቆ፣ ዓይኑን አጥብቦ አየልኝ፤
ግራው ላይ ሞራ አለ፣ እንደ ሩዝ ውኃ የነጣ፤
መፍቻ ሲያነሳም እጁ፣ አሁን አሁን፣ መንቀጥቀጥ አመጣ።
ያላየሁት መስሎት ኪሱ ይከተዋል።
«ግዛው» አለኝ። «የዛሬ ሞተር በኮምፒውተር ይናገራል፤
አሮጌዋ ስታስል የት እንዳመማት ይገባኝ ነበር፤
ይቺ መብራቷን ብልጭ ታደርጋለች፤ ቋንቋዋን አላውቅም፣ በእግዜር።»
ዝም አልን። አንድ ፍሬ ከዛፉ ወደቀ፤ ሁለታችንም ዘለልን።
ሳቅን። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳን።

ገዛሁት። አራት ሺህ፣ በሃምሳና በመቶ ኖት፣
ጠርዙ የላመ፣ ሰው ዕድሉን የገዛበት።
ጂቢን «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሎ ማኅተሙን መታ፤
እኔም የዘጠኝ ሰዓቱን ሸጥኩለት፣ ሁለት ዕጣ።

አሁንም ግን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሲያልቅ የትኬት ቁጥሩ፣
ከዛፉ ሥር እቆማለሁ። ቫርኪ ይነሳል ከወንበሩ።
ውሉን ሁለቴ አንብቤዋለሁ፤ ደቃቁንም፣ በመነጽር፤
ስለ ኋላ መስታወት አይናገርም አንዲት ነገር።
«ላላ መሰለኝ፣ እየው» እለዋለሁ። ያጠብቀዋል።
እጁ ሲንቀጠቀጥ መስታወቱ ውስጥ ዛፉ ይወዛወዛል፤
ከዚያ ይረጋል።
ያልላላ መሆኑን ያውቃል።
«በሰባት የሚያልቅ አለህ?» ይላል።